«ዲስኮቹ ጠፉ»፦ አንድ አሮጌ ሰርቨር እና ከዝርዝር የወጣ ካርድ

ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ዲስኮቹ ጠፉ።»

«ጠፉ ስትል? ተሰረቁ?»

«ኧረ አልተሰረቁም። እዚሁ ናቸው፣ መብራታቸውም አረንጓዴ ነው። ኢንስቶለሩ ነው የማያያቸው።»

ደዋዩ ሳሪስ አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት የአይቲውን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፣ ግን ብቻውን ነው። ኔትወርኩም፣ ፕሪንተሩም፣ የአለቃው ስልክም የእሱ ናቸው። ሰርቨሩ ዴል ፓወርኤጅ አር 710 ነው። ሞዴሉ በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ሲሆን ድርጅቱ ሁለተኛ እጅ ነው የገዛው። ውስጡ አራት ባለ 600 ጊጋ ዲስኮች በሬይድ 5 ታስረዋል፣ ማለትም እንደ አንድ ዲስክ ይታያሉ፣ አንዱ ቢበላሽም ዳታው አይጠፋም። የሂሳብ ዳታቤዙም የጋራ ፎልደሩም እዚያ ላይ ነው ያለው።

እስከዚያ ቀን ይሠራ የነበረው ሴንትኦኤስ 7 በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ነው። ሴንትኦኤስ 7 ደግሞ በ2016 ሰኔ 23፣ በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2024፣ ዕድሜው አበቃ። ከዚያ ወዲህ የደህንነት ማስተካከያ አይወጣለትም። ልጁ ይህን ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ከረመና ቢሮው የተዘጋበት ቅዳሜ መረጠ። በፍላሽ ላይ ቀደም ብሎ ያወረደው አልማሊኑክስ 9.2 የተባለ አዲስ የሊኑክስ ሲስተም ነበረው። ሰካው፣ አስነሳው፣ ዲስክ የሚመረጥበት ገጽ ላይ ደረሰ። እዚያ ያገኘው የሰካትን ፍላሽ ብቻ ነው።

እኔ ጋ ከመደወሉ በፊት ያላደረገው ነገር የለም። ፍላሹን እንደገና ጽፎታል። ሰርቨሩን አጥፍቶ ዲስኮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሰክቷል። ባዮሱን ከላይ እስከ ታች አይቷል። ሲደውልልኝ ኮንትሮል እና አር ተጭኖ ዲስኮቹን የሚያስተዳድረው የሬይድ ካርድ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ገብቶ ቆሟል።

«ኮንፊጉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ብሠራውስ?» አለኝ።

«እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ!»

ጮህኩበት መሰለኝ። ዝም አለ። «ባክአፕ አለህ?» አልኩት። አለኝ፣ ትናንት ማታ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጧል። «ከፍተህ አይተኸዋል?» አሁንም ዝም። ታክሲ ያዝኩና ሄድኩ።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሰርቨሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። እዚያ ቆሞ ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ልጁ አልነካውም፣ ስክሪኑ እንደተወው ነው። የካርዱ ገጽ አንድ ቨርቹዋል ዲስክ ያሳያል፣ ሁኔታው «ኦፕቲማል»። ከሥሩ አራት ዲስኮች፣ አራቱም «ኦንላይን»። ካርዱ ዲስኮቹን እያየ ነው ማለት ነው። ይህ ገጽ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣ በመሆኑ ስለ ሊኑክስ ምንም አይነግረንም። ቢሆንም ግማሹን ጥርጣሬ አነሳልን።

«ፍላሹን ንቀልና አስነሳው» አልኩት።

«ወደ አሮጌው?»

«ወደ አሮጌው።»

ተነሳ። ሴንትኦኤስ 7 ምንም እንዳልተፈጠረ መግቢያውን አቀረበልን። ኢንስቶለሩ ዲስኩን ስላላየው ሊነካውም አልቻለም፤ ዳታው አንድም ነገር አልሆነም። ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ያልተቀመጠ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ችግሩ መልኩን ቀየረ። ያው ካርድ፣ ያው ገመድ፣ ያው ዲስክ። 3.10 የተባለው አሮጌ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ያያቸዋል፣ 5.14 የተባለው አዲሱ አያያቸውም። ከዚህ በኋላ ዲስክ መንቀልና መሰካት ጊዜ ማባከን ነው። ዕቃው ከተጠያቂነት ነፃ ወጥቷል።

መጀመሪያ ባክአፑን አየን። ውጫዊው ዲስክ ላይ የጋራ ፎልደሩ በሙሉ አለ። የዳታቤዙ ፋይል ግን መጠኑ ዜሮ ነው። የዳታቤዙ ፓስዎርድ ከተቀየረ ወራት አልፎታል፤ ባክአፕ የሚያደርገው ስክሪፕት ግን አሮጌውን ፓስዎርድ ይዞ በየምሽቱ ባዶ ፋይል ይጽፋል። ኮንፊጉን አጥፍቶት ቢሆን ሰኞ ጠዋት የሂሳብ ክፍሉን ምን እንደሚላቸው አላውቅም። ምንም አላልኩትም፣ ፊቱ ይበቃ ነበር። ዳታቤዙን በእጅ አወጣነው፣ ላፕቶፔ ላይ መልሰን ከፈትነው፣ የትናንቱን የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር አየን። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካርዱ የተመለስነው።

በሊኑክስ ማሽኑ ላይ ያሉትን ካርዶች የሚዘረዝር «ኤልኤስፒሲአይ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ከስም ጋር ቁጥርም እንዲያወጣ ሲታዘዝ፣ ለእያንዳንዱ ካርድ በሁለት ነጥብ የተከፈሉ ሁለት ቁጥሮች ይሰጣል። የእኛው 1000:0060 ሆኖ መጣ። 1000 ቺፑን የሠራው የኤልኤስአይ መለያ ነው። ኤልኤስአይ ዛሬ በብሮድኮም ሥር ነው፣ ቁጥሩ ግን አልተቀየረም። 0060 ደግሞ 1078 የተባለው ቺፕ ነው። ከሥሩ ሌላ ጥንድ አለ፣ 1028:1f0c የሚል። ቺፑን ወስዶ «ፐርክ 6/አይ» ብሎ የሸጠው ዴል መሆኑን ይናገራል። (በመካከል የገቡት የላቲን ፊደላት ስህተት አይደሉም፣ በዚህ አቆጣጠር ከዘጠኝ በላይ ያሉት በፊደል ስለሚጻፉ ነው።)

አንባቢ ከዚህ ሁሉ የመጀመሪያዋን ቁጥር ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል። ካርድ ሲሸጥ ስሙ ይለዋወጣል፤ አንዱ ፐርክ ይለዋል፣ ሌላው ሌላ። ከርነሉ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ቀጥሎ ካርዱን የሚነዳውን ድራይቨር አየን። ስሙ ሜጋሬይድ-ሳስ ይባላል። እያንዳንዱ ድራይቨር በውስጡ የሚያስተናግዳቸው ካርዶች ዝርዝር አለው፤ «ሞድኢንፎ» የሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ያወጣዋል። ሴንትኦኤስ 7 ላይ አወጣነው። 0060 አለ።

አሁን 9.2ን ከፍላሹ መልሰን አስነሳን። ኢንስቶለሩ ሲመጣ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 2 ሲጫኑ ጥቁሩ የትእዛዝ ስክሪን ይከፈታል። ካርዶቹን ዘረዘርን። 1000:0060 አለ! አዲሱ ከርነልም ካርዱ መኖሩን ያውቃል። የጎደለው ከሥሩ የምትመጣው «በሥራ ላይ ያለው ድራይቨር» የምትለው መስመር ናት። በሌሎቹ ካርዶች ሥር አለች፣ በዚህኛው ሥር የለችም።

«ድራይቨሩን በግድ እንጫነው» አለ ልጁ። እሺ፣ ጫነው። ድራይቨሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ተጫነ። ስህተት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ዲስክም የለ። ሰው የሚያደናግረው እዚህ ጋ ነው። ድራይቨር ከሌለ «የለም» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ሰውም ይፈልገዋል። ይኸኛው ግን አለ። ተጭኗል። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ያንኑ ዝርዝር 9.2 ላይ አወጣነው። እኔ ቁጥሮቹን እያነበብኩ ልጁ ወረቀቱን እያየ ሄድን። 0060 የለም።

እንዲህ አስረዳሁት። በር ላይ ዘበኛ አለ እንበል። እንግዳ ሲመጣ በእጁ ባለው ዝርዝር ስሙን ይፈልጋል። ስምህ ካለ ያስገባሃል፣ ከሌለ አይጣላህም፣ አይሰድብህም፣ ብቻ በሩን አይከፍትም። አንተ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ብታውቅ፣ ትናንት እዚያው ቤት ራት በልተህ ብትወጣም ለዘበኛው ምኑም አይደለም። ድራይቨሩ ይህን ካርድ መንዳት አቅቶት አይደለም። ስሙን ከዝርዝሩ አውጥተውታል።

ማን አወጣው? አልማሊኑክስ የሚሠራው ሬድሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ የሚያወጣውን ተከትሎ ነው። ሬድሃት በፈረንጆቹ 2019 ስምንተኛውን እትሙን ሲያወጣ ከበርካታ ድራይቨሮች ላይ የአሮጌ ካርዶችን ቁጥር ሰረዘ። የእኛው 1000:0060 አንዱ ነው። ድብቅ ነገር አይደለም፣ ራሳቸው ባወጡት ሰነድ ላይ ቁጥር በቁጥር ተዘርዝሯል። ዘጠነኛውም ስረዛውን ወረሰ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሬድሃት አንዱን እትም አሥር ዓመት እደግፋለሁ ብሎ ውል ይገባል። የሚደግፈውን ካርድ ሁሉ መሞከር አለበት፤ አምራቹ ራሱ የተወውን ካርድ እስከ መቼ ይሞክር? ለትልቅ ባንክ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ሁለተኛ እጅ ሰርቨር ገዝቶ አሥር ዓመት ሊሠራበት ለሚያስብ የሳሪስ አስመጪ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ዋናው የሊኑክስ ከርነል፣ ሁሉም ስርጭቶች የሚቀዱት ማለት ነው፣ ካርዱን አልሰረዘም። ይህን በዓይን ማሳየት ፈለግሁ። ከቁልፌ ጋር የማንጠለጥላት ፍላሽ ላይ ዴቢያን 12 የሚባል ሌላ የሊኑክስ ስርጭት አለ፣ ሳይጫን ከፍላሽ የሚሠራው ዓይነት። አስነሳነው። ዲስኩ ወዲያው መጣ፣ 1.8 ቴራ። ልጁ ሳቀ። «ታዲያ በቃ፣ ዴቢያን እንጫን!»

አንድ መፍትሔ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ብቻዬን ብሆን ያንን አደርግ ነበር። ልጁ ግን ስክሪፕቶቹ፣ የፋየርዎል ልማዱ፣ የሚያውቃቸው የፋይል ቦታዎች ሁሉ የሬድሃት ዘር ናቸው። ሰኞ ጠዋት ችግር ቢመጣ ብቻውን ነው። የማያውቀውን ቤት አስገብቼው መሄድ አልፈለግሁም።

ሌላው ያሰበው ካርዱን መቀየር ነበር። እኔ ከመድረሴ በፊት አንድ ዕቃ ሻጭ ጋ ደውሎ «ኤች 200 የሚባል አለኝ፣ ለሊኑክስ አሪፍ ነው» ተብሏል። ጥሩ ነው ያልገዛው። የኤች 200 ቺፕ ቁጥሩ 1000:0072 ነው። ድራይቨሩ ሌላ ነው፣ ኤምፒቲ3-ሳስ ይባላል፤ ይህ ቁጥርም ከዚያኛው ዝርዝር ተሰርዟል። ይባስ ብሎ ኤች 200 ሬይድ 5 አያውቅም፣ ዲስኮቹ ቢሰኩበት ያለውን ማንበብ አይችልም። ገንዘብ ከፍሎ ያንኑ ችግር መግዛት ይሉሃል ይሄ ነው።

ሦስተኛው መንገድ የድራይቨር ዲስክ ነው። ኤልሬፖ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ማከማቻ አለ፤ ሬድሃት የሰረዛቸውን ካርዶች መልሶ የያዘ ድራይቨር ለየእትሙ ያዘጋጃል። የሚወርደው ፋይል ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ልጁ የያዘው 9.2 መሆኑ ነው የሸፈነበት። የአልማሊኑክስ ሰዎች በፈረንጆቹ ሜይ 2024 እትም 9.4ን ሲያወጡ፣ ሬድሃት ከሰረዛቸው መካከል ብዙዎቹን በራሳቸው ከርነል መልሰው አስገቡ። ሜጋሬይድ-ሳስ በዚያ ውስጥ አለ። የኤችፒ ስማርት አሬይ ካርዶችን የሚነዳው ኤችፒኤስኤም አለ፣ ኤምፒቲ3-ሳስም አለ። አንድ ማኅበረሰብ «እነዚህ ማሽኖች ገና እየሠሩ ነው» ብሎ የወሰነው ውሳኔ ነው፣ እኔ በግሌ ወድጄላቸዋለሁ።

አዲሱ አልማሊኑክስ፣ ትንሹ ዓይነት እንኳ፣ ሁለት ጊጋ ገደማ ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ቅዳሜ ከሰዓት እንደ ጉንዳን ይሄዳል። ማውረዱን ለቀቅንና እስኪያልቅ የድራይቨር ዲስኩን ሞከርን። ለመጫን አይደለም። ምርመራችን ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው፤ ከርነሉን ሳልቀይር፣ ዝርዝሩን ብቻ ቀይሬ ዲስኩ ከመጣ ነገሩ አለቀ።

ፋይሉን በሌላ ፍላሽ ላይ ጻፍነው። ሁለቱን ሰክተን አስነሳን። የ9.2 የመጀመሪያው ምርጫ ገጽ ሲመጣ ታብ ይጫናል፤ ከታች የማስነሻው መስመር ይከፈታል። በመስመሩ መጨረሻ ባዶ ቦታ ትቶ «ኢንስት ነጥብ ዲዲ» ብሎ መጻፍና መግባት ነው። ጥቂት ቆይቶ በጥቁር ስክሪን ላይ ቁጥር የተሰጣቸው የዲስኮች ዝርዝር ይመጣል። ትንሿን ፍላሽ በቁጥሯ መረጥን። በውስጧ ያለው ድራይቨር ስም መጣ፣ ከፊቱ ባዶ ቅንፍ አለው። ቁጥሩን ስንጽፍ ቅንፉ ውስጥ ኤክስ ገባ። «ሲ» ብለን ቀጠልን። (ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፤ ድራይቨሩን ሳይመርጥ ሲ ይጫንና «አልሠራም» ይላል።) ኢንስቶለሩ መጣ፣ የዲስኩን ገጽ ከፈትን። ፐርክ 6/አይ፣ 1.8 ቴራ፣ ቁጭ ብሏል።

ልጁ በቀጥታ እንቀጥል አለ። ይቻል ነበር፣ ኢንስቶለሩ ድራይቨሩን ወደሚጫነው ሲስተም ጭምር ያስገባዋል። እኔ አልፈለግሁም። ከከርነሉ ውጭ ያለ ድራይቨር ማለት ወደ ቀጣዩ ንዑስ እትም ባለፍክ ቁጥር «የዛሬው ከርነል ይቀበለዋል ወይ?» እያልክ መኖር ነው። እሱ አንድ ቀን ረስቶ አፕዴት ያደርጋል፣ ማሽኑ ዲስኩን አጥቶ ይቆማል፣ እኔም ሌላ ቅዳሜ ታክሲ እይዛለሁ። ሌላ ምርጫ ለሌለው ሰው ግን የድራይቨር ዲስኩ አንጀት አርስ ነው።

አንድ ነገር ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ፣ ፕሮሰሰሩን። ዘጠነኛው እትም ከተወሰነ ደረጃ በታች ያለ ፕሮሰሰር ላይ አይነሳም። የዚህ ሰርቨር ዚዮን 5600 ያንን ደረጃ ያልፋል። ለማንኛውም 9.2 ተነስቶ እዚህ ድረስ ስላመጣን መልሱ በእጃችን ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ፋይሉ ሊወርድ አሥር በመቶ ሲቀረው ነው።

አዲሱ ፋይል አንድ ሰዓት ከምሽቱ ላይ አለቀ። አስነሳነው፣ ታብ የለ፣ ምን የለ። ዲስኩ በራሱ መጣ። ሞድኢንፎውን ለወጉ አወጣሁት፣ 0060 ቦታው ላይ ተመልሷል። ሲስተሙን ጫንን፣ ዳታቤዙን መለስን፣ የደረሰኝ ቁጥሩን አመሳከርን። እሁድ ልጁ ብቻውን የጋራ ፎልደሩን ጨረሰ። አንድ አሮጌ ስካነር ብቻ ወደ ፎልደሩ መጻፍ አሻፈረኝ አለ፣ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ሰኞ ደወልኩለት። ሁሉም ሰላም ነው አለኝ። «እስቲ ዲስኮቹን ጠይቃቸው» አልኩት። ፐርክ 6/አይ አራቱን ዲስኮች ደብቆ አንድ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ የዲስክ ጤና የሚያየው ፕሮግራም ዝም ብሎ ሲጠየቅ ትርጉም ያለው ነገር አይመልስም። «በሜጋሬይድ በኩል» ተብሎ፣ የእያንዳንዱ ዲስክ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት መጠየቅ አለበት። ከዜሮ ጀምሮ ጠየቃቸው። ሦስቱ ንጹህ ናቸው። ተራ ቁጥር 2 ላይ ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተበላሹ ቦታዎች ቁጥር ከዜሮ ወጥቶ ተቀምጧል። መብራቱ አሁንም አረንጓዴ ነው። የካርዱ ባትሪም ሞቷል፤ ባትሪው ከሌለ ካርዱ መጻፍን አያፋጥንም፣ ለካ የሂሳብ ክፍሉ «ሲስተሙ ይጎተታል» የሚለው ለዚህ ነበር።

ባትሪና አንድ መለዋወጫ ዲስክ አዘዘ። የባክአፑን ስክሪፕት ቀይሮ የፋይሉ መጠን ዜሮ ከሆነ ኢሜይል እንዲልክለት አደረገ። የአልማሊኑክስ 9 የደህንነት ድጋፍ በፈረንጆቹ እስከ ሜይ 2032 መጨረሻ ይቀጥላል፤ ማሽኑ ራሱ እስከዚያ ይደርስ እንደሆነ እናያለን። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁት። ጩኸቱ እንዳለ ነው። ፊቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ በእጅ ጽሑፍ «1000:0060፣ ከ9.4 በታች አትሞክር» ትላለች።